ምዕራፍ ስድስት፦ ከጀጎል ጣሪያ እስከ ቡና ኮከብ

ሰማይ ላይ ቡና የሚባል ኮከብ አለ። ስሙን ያወጣነው እኛው ነን። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የተመሠረተበትን 100ኛ ዓመት እ.ኤ.አ. በ2019 ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና በዙሪያው የሚዞር አንድ ፕላኔት ሰጥቶ ስም አውጡላቸው አለ። ለኢትዮጵያ የደረሳት እስከዚያ ድረስ ኤችዲ 16175 በሚል ቁጥር ብቻ የሚታወቅ ኮከብ ነበር። ኮከቡ ቡና ተባለ፤ ፕላኔቱ ደግሞ አቦል። ከጀበናው መጀመሪያ የሚቀዳው አቦል እንደሆነ ሁሉ በዚያ ኮከብ ዙሪያ መጀመሪያ የተገኘውም ፕላኔት አቦል ሆነ። ከዚህ የሚበልጥ ስም ይገኝ ነበር ብዬ አላምንም።

ወሬውን ከሰማሁ ጀምሮ ያንን ኮከብ በዓይኔ ለማየት፣ ለዚያውም ሐረር ላይ ሆኜ ለማየት ስመኝ ኖርኩ። ከፍሬው አልፎ ቅጠሉ ቁጢ፣ ገለፈቱ አሸር ተብሎ በሚጠጣበት ከተማ ሆኖ ቡናን ከሰማይ መፈለግ ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን ቡና በባዶ ዓይን አይታይም። ጤናማ ዓይን ጨለማ በሆነ ሰማይ ላይ የሚያየው እጅግ ደብዛዛ ኮከብ 6ኛ ደረጃ ይባላል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ኮከቡ ይደበዝዛል። ቡና 7.3 ላይ ነው፤ ዓይን ሊደርስበት ከሚችለው የመጨረሻ ብርሃን በሦስት እጥፍ ያህል ይደበዝዛል። እሱን ለማየት ትልቅ ነገር አያስፈልግም። ትንሽ ቴሌስኮፕ ይበቃል። ይህ ምዕራፍ ስለዚያች ትንሽ ቴሌስኮፕ ነው።

የእኔዋ የፊት ሌንሷ 70 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ሲኒ ከነማስቀመጫው ይሸፍነዋል። ቱቦዋ የክንዴን ግማሽ ያህል ነው። ከመቆሚያዋ ውጪ ወደ 2 ኪሎ ትመዝናለች። በጀርባ በሚታዘል ቦርሳ ውስጥ በሹራብ ተጠቅልላ፣ ከሁለት የዓይን ሌንሶችና ከአንድ ማጠፊያ መስታወት ጋር ትገባለች። ከእሷ በፊት መስታወቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትልቅ ቴሌስኮፕ ነበረኝ። ሲያሳይ ያስደንቃል፤ ይሁን እንጂ ከቤት ለማውጣት ሁለት ሰው፣ ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት፣ ለመጓጓዝ መኪና ይፈልጋል። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ብቻ አወጣሁት። ከዚያ በጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ቆመ፤ እንግዳ ሲመጣ ምንድን ነው እየተባለ የሚጠየቅ የቤት ዕቃ ሆነ። ትንሿ ከመጣች ወዲህ ሰማዩ በጠራ ምሽት ሁሉ ደጅ ናት።

አሠራሯ ለማንም የሚገባ ነው። ከፊት ያለው ሌንስ ከሩቅ የመጣውን ብርሃን ያጥፍና አንድ ነጥብ ላይ ይሰበስበዋል። ከኋላ ያለው ትንሹ የዓይን ሌንስ ደግሞ ያ የተሰበሰበው ምስል ጎልቶ እንዲታይ ያደርጋል። የዓይናችን ብሌን ጨለማ ውስጥ በጣም ሲከፈት ስፋቱ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የቴሌስኮፗ 70 ስለሆነ ከብሌናችን አሥር ጊዜ ይሰፋል፤ የሚሰበስበው ብርሃን ግን በስፋቱ ሳይሆን በገጹ መጠን ልክ ነውና መቶ እጥፍ ይሆናል። የሰማይ ነገር ሁሉ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ቴሌስኮፕ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት እጥፍ ያጎላል?» ብሎ ነው። ለመጫወቻ ተብለው የተሠሩ የርካሽ ቴሌስኮፖች ሣጥን ላይ 500 እጥፍ፣ 600 እጥፍ ተብሎ የሚጻፈውም ለዚሁ ጥያቄ ነው። ማጉላት ግን የዓይን ሌንሱን በመቀየር ብቻ የሚገኝ ነው፤ ያልተሰበሰበ ብርሃን ቢያጎሉት ጉም ይሆናል። ለመሸወድ የማይዳርገው መለኪያ ቀላል ነው፦ የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊ ሜትር ወስዶ በሁለት ማባዛት። የእኔዋ በጣም ጥሩ በሆነ ምሽት 140 እጥፍ ድረስ ትሄዳለች። ከዚያ በላይ የሚጽፍ ሣጥን ገንዘብ ያስጥላል። እኔ ራሴ አብዛኛውን ምሽት የማሳልፈው በ17 እጥፍና በ60 እጥፍ ነው።

ሌንስ አንድ የቆየ በሽታ አለበት። ቀይ ብርሃንና ሰማያዊ ብርሃን በአንድ መጠን አይታጠፉም፤ ስለዚህ አንዱ ቀለም ሲጠራ ሌላው ይደፈርሳል፣ በጨረቃ ጠርዝ ላይም ሐምራዊ ክር ይታያል። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1610 መጀመሪያ የጁፒተርን ጨረቃዎች ሲያይ ይህ ችግር ነበረበት። ኒውተን መፍትሔ የለውም ብሎ ወደ መስታወት ዞረ። መፍትሔው የመጣው ከሁለት ዓይነት ብርጭቆ የተሠሩ ሌንሶችን በመደረብ ነው፤ አንዱ ያበላሸውን ሌላው እንዲያቃናው። ቼስተር ሙር ሆል የተባለ እንግሊዛዊ በ1730ዎቹ ሞከረው፣ ጆን ዶሎንድ ደግሞ በ1758 የባለቤትነት መብት አወጣበት። ዛሬ በርካሹ የሚሸጡት ትንንሽ የሌንስ ቴሌስኮፖችም ይኸው ባለ ሁለት ድርብ ሌንስ አላቸው። ልዩ ብርጭቆ የተጨመረባቸው አሉ፤ ቀለማቸው የጠራ ነው፤ ዋጋቸውም እንደዚያው ይወጣል። ምርጫው ከኪስ ጋር የሚያያዝ ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳተርንን ቀለበት ያየ ሰው ስለ ሐምራዊው ክር ሲያማርር ሰምቼ አላውቅም።

የሌንሷ ትልቁ ጸጋዋ መንገድ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአውሮፕላን ድሬዳዋ ቢደርሱ እንኳ ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር የሚያህል ጠመዝማዛ ዳገት ይጠብቃል። የመስታወት ቴሌስኮፕ እንዲህ ባለ መንገድ ሲንገጫገጭ መስታወቱ ከቦታው ይንሸራተታል፤ እንደገና ማስተካከል ዕውቀትም ትዕግሥትም ይጠይቃል። ሌንስ ግን ፋብሪካ ውስጥ በቀለበት ታስሮ የወጣ ስለሆነ ወድቆ ካልተሰበረ በቀር ንቅንቅ አይልም። ከቦርሳ ማውጣት፣ መቆሚያው ላይ ማሰር፣ ማየት፤ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ኬላ ላይ ግን ቱቦው ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። የተገዛበትን ደረሰኝ መያዝና በግልጽ ማስረዳት ይገባል፤ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ክዳኑን ከፍቶ «ጌታዬ፣ ይመልከቱበት» ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሐረር ተቀምጦ እንዲህ ያለ ዕቃ የተመኘ ሰው እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ላይ በግብፆች እጅ ወደነበረችው ሐረር በንግድ ወኪልነት መጣ። አንድ ወር ገደማ እንደ ቆየ፣ በጥር 1881፣ በፓሪስ ለሚኖር የረቂቅ መሣሪያዎች ሠሪ ደብዳቤ ጽፎ የብርሃንና የሥነ ፈለክ መሣሪያዎችን ጨምሮ በአገሩ ስለሚሠራው ምርጥ ነገር ሁሉ መረጃ እንዲልክለት ጠየቀ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከኤደን ሆኖ ለአንድ ወዳጁ ሴክስታንትና ለጉዞ የሚመች አነስተኛ ቴዎዶላይት የተባሉ የማዕዘን መለኪያዎች እንዲገዛለት ጻፈ። ለጉዞ የሚመች፣ አነስተኛ። ግመል ላይ የሚጫን ዕቃ ምን ያህል መሆን እንዳለበት የገባው ሰው ነበር። በመጨረሻ ሐረር ድረስ የተከተለው የፎቶግራፍ ማንሻ ሆነ፤ በ1883 በዚያው በሐረር ራሱን ያነሣቸው ፎቶዎች ዛሬም አሉ።

አሁን ወደ ከተማዋ ልግባ። ጀጎል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር የተሠራው ግንብ ነው፤ ከተማዋ በውስጡ ተጠጋግታ፣ ቤት በቤት ላይ ተደግፎ፣ ጎዳናዎቿ ሁለት ሰው በጭንቅ የሚያሳልፉ ሆነው ትኖራለች። ከመሬት ሆኖ ሰማይን ማየት የሚፈልግ ሰው በጀጎል ውስጥ የሚያገኘው በሁለት ግድግዳ መካከል የተዘረጋ ቀጭን ሪባን ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ ገበያ ስትወርድ ቀና ብትል ሦስት አራት ኮከብ ብታይ ነው። ነባሩ የሐረሪ ቤት ግን ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው። ደረጃውን ጨርሰህ ብቅ ስትል ሪባኑ ይቀደድና ሰማዩ ባንዴ ይዘረገፋል። ያ ደረጃ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ አንድ እጅ ግድግዳውን ይይዛል፣ የቀረው አንድ እጅ ነው። ያ የመጀመሪያው ቴሌስኮፔ በዚህ ደረጃ ፈጽሞ አይወጣም ነበር።

እንጦጦ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ደክሞ ያስገኛቸው ናቸው፤ አገር የሚኮራባቸው ናቸው። የአንዱ መስታወት ከእኔዋ ሌንስ ሁለት መቶ እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። ሐረር ላለ ልጅ ግን እንጦጦ ሩቅ ነው። በደረጃው የምትወጣው ትንሿ ናት።

ከጣሪያው የሚታየው ሰማይ ደግሞ ብዙ የዓለም ሰው የሚቀናበት ነው። ሐረር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ከሩብ ገደማ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ብቅ ትላለች፤ እጅህን ዘርግተህ ጭብጥህን ብታስቀምጥ የምትሸፍነው ያህል። በዚህ ምክንያት ደቡቡ ለእኛ ክፍት ነው። ለንደን ወይም ኒው ዮርክ ላይ ከአድማስ በታች የሚቀሩት ካኖፐስ፣ አልፋ ሴንታውሪ፣ የደቡብ መስቀል ለእኛ እንደ ወቅታቸው ይወጣሉ። ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው የሚሊዮኖች ኮከብ ክምችት በሚያዝያና በግንቦት ከአድማስ 33 ዲግሪ ይደርሳል፤ በትንሿ ሌንስ ስኳር የተበተነበት ደብዛዛ ኳስ መስሎ ይታያል። ኦሪዮን አናታችን ላይ ያልፋል። ወጣት ጨረቃም በእኛ ሰማይ ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ጀልባ ተንጋላ ትቀመጣለች። ኤረር በር አካባቢ ደግሞ ምሥራቁ ወደ ሸለቆው ስለሚወርድ የኮከቦችን አወጣጥ ከሥሩ ማየት ይቻላል።

ይህ አቀማመጥ ለመቆሚያ ምርጫም ምክር ይሰጣል። የሰሜን ኮከብን ተከትለው የሚዞሩ ከባድ መቆሚያዎች ለሩቅ ሰሜን አገሮች የታሰቡ ናቸው፤ አንዳንዶቹ እስከ 9 ዲግሪ ዝቅ ማለት አይችሉም፣ ቢችሉም ኮከቡ ከጎረቤት ግድግዳ ጀርባ ነው። ለእኛ የሚበጀው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ የሚንቀሳቀስ ቀላል መቆሚያ ነው። ፎቶ አንሺዎች የሚይዙት ባለ ሦስት እግር፣ ጠንከር ያለ ከሆነ፣ ይበቃል። መሐሉ ላይ ድንጋይ የያዘ ፌስታል ማንጠልጠል ያረጋጋዋል። ፕላኔቶች እኛ ዘንድ አናት ላይ ስለሚወጡ አንገት እንዳይቀጭ ብርሃኑን በ90 ዲግሪ የሚያጥፈው ማጠፊያ መስታወት የግድ ነው።

ስለ ጣሪያ ሳወራ ግን ከሁሉ አስቀድሞ መነገር ያለበት ነገር አለ። ጀጎል ውስጥ ጣሪያ የግል ነገር አይደለም። ከአንዱ ጣሪያ የሌላው ግቢ ይታያል፤ እዚያ ሴቶች ፀጉራቸውን ገልጠው ይቀመጣሉ፣ ልብስ ይሰጣል፣ ቤተሰብ ያወራል። ማታ ማታ ጣሪያ ላይ ቱቦ ደግኖ የሚቆም ሰው ምን እንደሚታሰብ መገመት አያስቸግርም፤ ጎረቤቱም ቢቆጣ እውነት አለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በቀን የሚሠራ ነው። የማርፍበት ቤት ባለቤት የሆኑት እናት ራሳቸው ይዘውኝ በየደጃፉ ዞሩ፤ «ጨረቃ የሚያይ ልጅ ነው፤ ማታ ኑና እዩ» እያሉ አስተዋወቁኝ። እኔም ደንብ አወጣሁ፦ ክዳኑ የሚከፈተው ቱቦው ወደ ሰማይ ከቀና በኋላ ነው፤ ወደ አድማስ ዝቅ አይልም፤ መጀመሪያ የሚያዩት ጎረቤቶች ናቸው። ይህን ያደረገ ሰው ቴሌስኮፑን ይዞ የትም ከተማ መግባት ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ነበር። ከዒሻ ሶላት በፊት፣ ምዕራቡ ገና ሳይጨልም፣ አጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ በዚያ ሰሞን የምሽት ኮከብ ሆና ታበራ ነበር። በ60 እጥፍ ሳያት ግማሽ ጨረቃ መሰለች፤ ልጆቹ ጨረቃ ናት ብለው ተከራከሩኝ። ከእሷ በላይ ሳተርን ነበረች። የሳተርን ቀለበት በ15 ዓመት ገደማ አንዴ ጠርዙን ወደ እኛ ያዞራል፤ በመጋቢት 2017 ሊዞር ሦስት ወር ብቻ ቀርቶት ስለነበር ቀጥኖ ቀጥኖ መርፌ የተሰካበት ዶቃ መስሎ ነበር። ብዙ ሰው ሥዕል ላይ ያየውን ሰፊ ቀለበት ሲጠብቅ ቅር ይለዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንዲት ልጅ ግን «ተሰክቷል!» ብላ ጮኸችና ሁሉም ለማየት ተጋፋ።

መጋፋቱ ችግር አመጣ። የድሮ ጣሪያ እንጨት ተረብርቦ በአፈር የተመረገ ነው፤ ሰው ሲራመድበት ይረግባል። በዓይን የማይታወቅ ያ እርግብታ በ60 እጥፍ ሲጎላ ሳተርንን ወዲያ ወዲህ ያዘልላታል። ስለዚህ ሰልፉ ደረጃው ላይ ሆነ፤ ጣሪያው ላይ እኔና አንድ ተመልካች ብቻ። ሁለተኛው ፈተና የምድር መዞር ነው። በዚህ መጠን የተጎላ ኮከብ ከእይታው ጠርዝ እስከ ጠርዝ ለማለፍ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይፈጅበታል። ሁለት ሦስት ሰው ባየ ቁጥር ቱቦውን መልሼ አስተካክላለሁ። ለሕፃናቱ ይህ ከሳተርንም በላይ አስገራሚ ሆነ፤ «ማን ገፋት?» ሲሉ የምንሽከረከረው እኛ መሆናችንን፣ ሐረር ከነግንቧ ወደ ምሥራቅ እየሄደች መሆኑን ነገርኳቸው። አንደኛው ወለሉን በእግሩ ጫን ብሎ ሞከረው።

በምሥራቅ ጁፒተር ወጥታ ነበር። አራቱ ጨረቃዎቿ በአንድ መስመር ተደርድረዋል። የቤቱ እናት ከሁሉ ረዘም ላለ ጊዜ ያዩት ይህንን ነው። «እነዚህ ትንንሾቹ የእሷ ናቸው?» አሉኝ። አዎ፣ እሷን ነው የሚዞሩት አልኳቸው። ከደረጃው አንድ ሽማግሌ «ሙሽተሪ ማለት ናት» አሉ፣ በዐረብኛ ስሟ። ገረመኝ፤ ምክንያቱም የእኛም የአቡሻኽር፣ የዘመን ቆጠራው መጽሐፍ፣ ሊቃውንት ፕላኔቶቹን የሚጠሩት ከዐረብኛ በመጣው በዚሁ ስም ነው፦ ዙሐል፣ ሙሽተሪ፣ መሪኅ። ሙሽተሪ በዐረብኛ ገዢ ማለትም ነው፤ ከጊደር መጋላ በላይ ስታበራ የምታድር ገዢ።

ታኅሣሥ 23 ማታ ጨረቃ ቀጭን ሆና ወጣች፤ የረጀብ ወር መግቢያ ነበር። ብዙ መስጊዶች ባሉባት፣ ጾሙም በዓሉም፣ ከሸዋል ስድስት ቀን ጾም በኋላ የሚከበረው ሹዋሊድ ጭምር በጨረቃ በሚቆጠርባት ከተማ፣ ይህች ቀጭን ቀንድ የሁሉም ጉዳይ ናት። በ17 እጥፍ ሲያዩአት ጨለማው ገጽታዋም በስሱ ይታያል፤ ከምድር ተንጸባርቆ የሄደ የእኛው ብርሃን ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማስጠንቀቅ አለብኝ። ወጣት ጨረቃ የምትፈለገው ከፀሐይ አቅራቢያ ነው። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ በቴሌስኮፕ ወደዚያ መመልከት በቅጽበት ዓይን ያጠፋል፤ ሕመምም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይታወራል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. በመካና በየመን በኩል ሙሉ ሆኖ የሚያልፍ የፀሐይ ግርዶሽ አለ፤ ሐረር ላይ ከቀትር በኋላ፣ የክረምቱ ደመና ከፈቀደ፣ በከፊል ይታያል። ያን ቀን ቴሌስኮፕ የሚያወጣ ሰው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የፀሐይ ማጣሪያ ከፊት ሌንሱ በፊት፣ ሙሉ አፉን ሸፍኖ፣ እንዳይነቀል አጥብቆ ማሰር አለበት። ከዓይን ሌንሱ ጋር የሚታሰሩት ትንንሽ ጥቁር ማጣሪያዎች በሙቀት ይሰነጠቃሉ። እንዲህ ያለ አብሮ ከመጣ ይጣል።

ስለ እንክብካቤ ብዙ አልልም። የሐረር አቧራ ደቃቅ ነው፤ በጨርቅ ከተጠረገ ሌንሱን ይፍቃል፣ ስለዚህ በጎማ መንፊያ ብቻ ይነፋል። በክረምት ሻጋታ እንዳያበቅል ጫማ ሣጥን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ቦርሳው ውስጥ መክተት ነው። አቧራና እርጥበት ብቻ አይደለም፤ ከግንቡ ውጪ ወጥቶ የሚያይ ሰው ጅብም ያገኛል። በግንቡ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ገብተው ከተማውን ማታ ማታ ሲያጸዱ የኖሩ ናቸውና ሐረሮች አይደነግጡባቸውም። እኔ ፈላና በር አጠገብ የአንዱን ዓይኖች በቀይ የእጅ መብራቴ ሳያቸው ለጥቂት ጊዜ ማርስ ሁለት ሆነችብኝ።

ቡናን የፈለግነው ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ ታኅሣሥ 20 ነው። ፍለጋው ቀላል የሚሆንበት አንድ ዘዴ ካርታው ላይ አግኝቼ ነበር። በሰሜን በኩል አንድሮሜዳ የሚባለው የኮከቦች ሰንሰለት መጨረሻ ላይ አልማክ የሚባል ደማቅ ኮከብ አለ። በባዶ ዓይን አንድ ነው፤ በቴሌስኮፕ ጎላ አድርገው ሲያዩት ወርቃማና ሰማያዊ ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። ቡና ከእሱ በስተ ምሥራቅ ይገኛል፣ በሰማይ ኬክሮስም ልዩነታቸው የጨረቃን ግማሽ ስፋት ያህል ብቻ ነው። ሁለቱ በአንድ መንገድ የሚሄዱ፣ አንዱ ሌላውን የሚከተል ኮከቦች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት 33 ደቂቃ ነው። ስለዚህ አልማክን መሐል አስገብቶ፣ ቱቦውን አጥብቆ አስሮ፣ እጅን ማንሣት ነው። የቀረውን ምድር ትሠራዋለች፤ ከ33 ደቂቃ በኋላ ቡና ራሱ መጥቶ እዚያው ቦታ ይቆማል።

33 ደቂቃ ቡና የሚፈላበት ጊዜ ነው። ለእናት ስነግራቸው ወዲያው ገባቸው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አልማክን ከአድማስ 57 ዲግሪ ላይ፣ በ17 እጥፍ፣ ስድስት ሙሉ ጨረቃዎች ጎን ለጎን በሚይዘው ሰፊ እይታ መሐል አስቀመጥኩና ሁላችንም ከጣሪያው ወረድን። ሙቀጫው ጣሪያውን እንዳያናውጥ ቡናው የተወቀጠው ታች ግቢ ውስጥ ነው። ጭሱ ወደ ሰሜን እንዳይሄድም ከሰሉ ወደ ጥግ ተገፋ።

ስንጠብቅ ስለ አቦል ነገርኳቸው። በየትኛውም ትንሽ ቴሌስኮፕ እንደማይታይ፣ ከጁፒተር አራት እጥፍ በላይ እንደሚከብድ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተገኘው በመታየት ሳይሆን ኮከቡን በስበቱ ሲያወዛውዝ ብርሃኑ ላይ በተለካው ስስ ለውጥ እንደሆነ፣ አንዴ ለመዞርም ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ እንደሚፈጅበት። የቡና ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ 196 ዓመት ያህል ይጓዛል። ዛሬ ማታ የሚደርሰው ብርሃን ሲነሣ ግብፆች አልመጡም፣ ራምቦ አልተወለደም፣ ሐረር በአሚሮቿ ትተዳደር ነበር። «እንግዲህ ከአባቶቻችን ዘመን የመጣ እንግዳ ነው» አሉ እናት።

2 ሰዓት ከ30 ሲሆን ብቻዬን፣ እግሬን እያሳረፍኩ፣ ወጣሁ። መጀመሪያ የታየኝ በእይታው ጠርዝ ላይ የሚገባ እፍኝ ኮከብ ነበር፤ ሜሲዬ 34 የሚባለው ክምችት ነው፣ ከቡና አንድ ዲግሪ አለፍ ብሎ ከኋላው የሚከተል። እሱ ካለ ቡና ቀርቧል ማለት ነው። ከዚያ አልማክ በነበረበት መሐል አካባቢ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ጋደል ብሎ፣ አንድ ነጥብ ቆመ። ፈዛዛ ቢጫ ያለበት ነጭ ነው። ከጎኑ ካሉት ከማናቸውም አይለይም።

እናት ሲኒውን እንደያዙ ወጡ። እንዳይነኩት አንድ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ጎንበስ አሉና ፀጥ ብለው ቆዩ። የቱ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ከእፍኙ ወደ መሐል ቢመጡ የሚያገኙት አልኳቸው። «አየሁት» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ። ከዚያ ልጆቹ አንድ በአንድ፣ ከዚያ ሽማግሌው። ማንም ቱቦውን አልነካም። ስምንት ደቂቃ ያህል ቆየልን። ታች ቶናው ሲቀዳ ቡና ከእይታው ጠርዝ አልፎ ወጣ።